እማማ ክላፕ ቤት፣ እሑድ ማታ

ቤቱ የሚገኘው ለንደን ውስጥ፣ ሆልቦርን ሰፈር፣ ፊልድ ሌን በሚባል ጠባብ መንገድ ላይ ነው። አጠገቡ ፍሊት ወንዝ አለ። ወንዝ መባሉ ለስሙ ነው እንጂ የከተማው ቆሻሻ የሚወርድበት ቦይ ሆኗል። ግድግዳ ለግድግዳ «የወይን ዘለላ» የሚባል መጠጥ ቤት ይጎራበተዋል። ሰፈሩ የድሃና የሌባ ሰፈር ነው።

እሑድ ማታ ነው፤ ኖቬምበር 14 ቀን 1725 (እ.ኤ.አ.)። ሳሙኤል ስቲቨንስ የሚባል ሰው ወደዚህ ቤት ገባ። ውስጥ ከ40 እስከ 50 የሚሆኑ ወንዶች አሉ። ይጨፍራሉ። አንዱ አንዱ ጭን ላይ ተቀምጦ ይሳሳማሉ። ድምፃቸውን እንደ ሴት አቅጥነው ያወራሉ፣ እንደ እመቤት ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ። ሁለት ሁለት እየሆኑ ወደ ሌላ ክፍል ይገባሉ። ይህን መግባት «መጋባት» ይሉታል። በሩ ላይ ኤክልስተን የሚባል ሰው ቆሟል፤ ሥራው የገቡትን ማንም እንዳይረብሻቸው መጠበቅ ነው። የቤቱ ባለቤት ማርጋሬት ክላፕ መሃላቸው ነች። ከአጠገባቸው ዞር የምትለው መጠጥ ልታመጣ ስትወጣ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ስቲቨንስ ቀርቦ ስለመሰከረ ነው። ሰውየው ጆሮ ጠቢ ነበር።

ጉዳዩን ባነበብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ይኸው ነው። የዚያን ቤት ሳቅና ጭፈራ የነገረን እዚያ የሳቀ ሰው አይደለም፤ ሊያሳስራቸው የገባ ሰው ነው። ቤቱ ከ300 ዓመት በኋላ የሚታወሰው በተከሰሰበት መዝገብ ነው። የለንደኑ ዋና የወንጀል ፍርድ ቤት፣ የኦልድ ቤይሊ፣ ችሎት እየታተመ ይሸጥ ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ተጭኗል፤ የፈለገ ሰው በስልኩ ከፍቶ ያነበዋል። የታተመውን እንደ ወረደ መቀበል ግን አይቻልም። ስቲቨንስ የሚያወራው ዳኛ ለማሳመን ነው። ክላፕ የደንበኞቿን ብልግና እየሰማች «እጅግ ደስ ይላት ነበር» ብሏል። ደስ ይላት አይላት በምን ያውቃል? መጠጥ ስትቀዳ ፈገግ ብላ ይሆናል። ባለ መጠጥ ቤት ሁሉ ፈገግ ይላል።

እስቲ ቤቱን ጠጋ ብለን እንየው።

ደንበኞቿ «ማዘር ክላፕ» ይሏት ነበር። በእኛ አፍ እማማ ክላፕ ማለት ነው። እማማ የሚለው ቃል ለእንዲህ ያለች ሴት እንዴት እንደሚስማማ ጠላ ቤት የሚያውቅ አንባቢ አያጣውም። በአንዳንድ ጽሑፍ ቤቷ ቡና ቤት ነበር ይባላል። እዚህ ላይ አማርኛችን ያስቃል። በእንግሊዝኛ ቡና ቤት ሲባል ቡና የሚጠጣበት ነው፤ በእኛ ግን ቢራ የሚጠጣበት። የእማማ ክላፕ ቤት በእኛው ትርጉም ነበር ቡና ቤት የነበረው። የራሷ የመጠጥ ክምችት እንኳ የነበራት አይመስልም። መጠጡን ከጎረቤት እየወጣች ታመጣ ነበር። ስለዚህ የግል መኖሪያ ቤቷ ነበር የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ፤ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። በየክፍሉ አልጋ ነበረ። ከደንበኞቹ አንዱ ዊልያም ግሪፊን ሁለት ዓመት ገደማ ተከራይቶ እዚያው ኖሯል።

በአዘቦት ማታ 30 ወይም 40 ሰው ይመጣል። እሑድ ሲሆን ይበልጣል። እሑድ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እነዚህ የሥራ ሰዎች ናቸው። መኳንንት የራሱ አዳራሽ፣ የራሱ አሽከር፣ የሚዘጋ የራሱ በር አለው። ገብርኤል ሎረንስ ግን ወተት ሻጭ ነው። ግሪፊን የወንበርና የአልጋ ጨርቅ አልባሽ ነው። ቶማስ ራይት ሱፍ አበጣሪ ነው። ማርቲን ማኪንቶሽ ብርቱካን ይሸጣል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚኖሩት በጋራ ክፍል ወይም በአሠሪ ቤት ነበር። የሚዘጋ በር የሚያገኙት እንደ እማማ ክላፕ ባለ ቤት ነው።

ብርቱካን ሻጩ ቤቱ ውስጥ «ኦሬንጅ ዴብ» ይባል ነበር፤ ብርቱካን ደብዬ እንደማለት ነው። እርስ በርሳቸው የሴት ስም ይሰጣጡ ነበር። ስሙ ለጨዋታ ነው፤ ለደኅንነትም ጭምር። ደብዬን የሚያውቅ ማርቲንን ላያውቅ ይችላል። ሁሉንም በአንድ ላይ የሚጠራቸው ቃል «ሞሊ» ነበር። ሞሊ የማርያም ቁልምጫ ነው፤ ቤቱም «ሞሊ ቤት» ይባላል። እንዲህ ዓይነት ሰዎች በተሰበሰቡበት ከተማ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ቃል አይጠፋም። አዲስ አበባም የራሷ አላት። እዚህ አልጽፈውም።

ወደ ሕጉ እንለፍ። ወንድ ከወንድ ጋር መተኛትን የሚቀጣው ሕግ የወጣው በ1533 በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን ነው። ቅጣቱ ስቅላት። ግን አንድ ሰው እንዲሰቀል ድርጊቱ መፈጸሙ ራሱ መረጋገጥ ነበረበት። መሳሳም አያሰቅልም። ጭን ላይ መቀመጥም አያሰቅልም። ሙከራ ብቻ ከሆነ ቅጣቱ አደባባይ መቆም፣ መቀጮና እስራት ነው። ታዲያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሆነውን ማን ይመሰክራል? እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ብቻ። እሱ ደግሞ ራሱ ጥፋተኛ ነው። ስለዚህ ምርጫ ይሰጠዋል፦ ወይ ትሰቀላለህ፣ ወይ ትመሰክራለህ። በሽብር ወይም በሙስና ክስ ተከሳሽ የነበረ ሰው ድንገት የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኖ ብቅ ሲል ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

የእኔ ንባብ ይህ ነው። ብዙዎች ይህን ታሪክ ሲተርኩ ምስጢሩን አሳልፎ የሰጠ ክፉ ሰው ይፈልጋሉ። ክፉ ሰው አይጠፋም፤ አለም። ግን ሕጉ ራሱ ያንን ቤት የረገጠ ሰው ሁሉ የቤቱ ቁልፍ እንዲሆን አድርጎ ነበር የተሠራው። 40 ሰው ካለ 40 ቁልፍ አለ። እማማ ክላፕ በሯን የቱንም ያህል ብትጠብቅ ቁልፎቹ በየማታው ካባቸውን ደርበው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ።

መጀመሪያ የዞረው ቁልፍ ማርክ ፓርትሪጅ ይባላል። ከወዳጁ ጋር ተጣላ። ያ ወዳጁ ምስጢሩን ለሰው አወራበት። የተናደደው ፓርትሪጅ ሄዶ ጠቋሚ ሆነ፤ ሰላዮችን አስከትሎም ወደ ሞሊ ቤቶች ይገባ ጀመር። ሰላዮቹ በብዛት ከ«ሥነ ምግባር ማረሚያ ማኅበር» ጋር የሚሠሩ ነበሩ። ይህ ማኅበር በ1690ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ የተቋቋመ የጨዋ ሰዎች ስብስብ ነው። ሰካራሙን፣ ተሳዳቢውን፣ በሰንበት የሚነግደውን፣ ሴተኛ አዳሪዋን እየለቀመ ያስከስሳል። በ1738 እስኪዘጋ ድረስ ለንደንና አካባቢዋ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ክስ አስመሥርቻለሁ ብሎ ራሱ ጽፏል።

ስቲቨንስ እማማ ክላፕ ቤት ከገባ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ረቡዕ ኖቬምበር 17፣ ጆሴፍ ሴለርስ የሚባል ሌላ ሰላይ ደግሞ ሱፍ አበጣሪው ራይት ቤት ገባ። ራይት ቀደም ሲል ለእማማ ክላፕ ቤት ጠላ ያቀርብ ነበር። በኋላ ቢች ሌን በሚባል ቦታ የራሱን ቤት ከፈተ። ሴለርስ ሌሎቹ እንዳይጠጉት ፓርትሪጅ «ባሌ ነው» ብሎ አስተዋወቀው። ቤቱ ውስጥ ማሲንቆ መሰል መሣሪያ፣ ፊድል፣ ይመታል፤ ሰዎች ይጨፍራሉ። እዚያ የሆነው ነገር ከጠቅላላው መዝገብ ይበልጥ ይነካኛል። ቤተኞቹ ፓርትሪጅን ጠርጥረውት ነበር። ሲያዩት ጮኹበት። ከሃዲ አሉት። እኛን የሚያጋልጥ ሰው ደሙ ይፈስሳል ብለው ዛቱ። እሱ ተከራከረ፣ አስረዳ። ንዴታቸው በረደ፤ ጭፈራው ቀጠለ። ሰላዩ ያን ጊዜ አጠገባቸው ቆሟል።

ለምን አመኑት? እንደሚመስለኝ ሌላ አማራጭ ስላልነበራቸው ነው። አንድን ሰው በጥርጣሬ ብቻ ብታባርረው የባሰ ጠላት ታፈራለህ። እያወቀህ ወጥቶ ይሄዳል። እዚያው ብታስቀምጠው ግን ቢያንስ ዓይንህ ሥር ነው። የምስጢር ቤት ጣጣው ይህ ነው፤ ጠርጥሮም መለያየት አይቻልም።

ስቲቨንስ በተከታዮቹ እሑዶች ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ እማማ ክላፕ ቤት ተመላልሷል። ጠጥቷል፣ አይቷል፣ ስም ይዟል። እነሱም ፊቱን ለምደውታል።

ፌብሩዋሪ 1726፣ እንደገና እሑድ ማታ፣ አፈሳው መጣ። (እንግሊዞች ያኔ የግሪጎሪያን አቆጣጠርን አልተቀበሉም ነበር። ከአውሮፓ በ11 ቀን ወደኋላ ቀርተው፣ አዲስ ዓመታቸውንም በማርች 25 ያከብሩ ነበር። የእኛን ካላንደር ለሚያሾፍበት ሰው ይህን ንገሩልኝ።) ኮንስታብሎች፣ የያኔ ሕግ አስከባሪዎች፣ የፊልድ ሌንን መውጫ ሁሉ ዘጉ። 40 ያህል ወንዶች ተይዘው ወደ እስር ቤት ተነዱ። ድርጊት ላይ ሳለ የተያዘ አንድም ሰው አልነበረም። ሱሪያቸው ያልተቆለፈ ጥቂቶች ነበሩ፤ በቃ። ስለዚህ አብዛኞቹ በማስረጃ እጦት ተለቀቁ። እማማ ክላፕ ግን እስር ቤት ቀረች።

አሁን ሁለተኛው ቁልፍ ይመጣል፤ የእሱ ታሪክ ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ቶማስ ኒውተን ይባላል፣ ዕድሜው 30። እማማ ክላፕ ስትታሰር ዋስ ሊሆናት ሄደ። ይህን ደግሜ አነበብኩት። ሊያስፈታት ነው የሄደው! ሁለት ሕግ አስከባሪዎች፣ ዊልስና ዊልያምስ፣ እዚያው አገኙት። «አንተ የምታውቀው ነገር ሳይኖር አይቀርም» አሉት። እሺ እናገራለሁ አለ። በዚያው ወር መጨረሻ እሱም ተያዘ። ከዚያ በኋላ በችሎቱ ላይ በተደጋጋሚ የቆመው ምስክር ኒውተን ነው። ሌላው ዋና ምስክር ኤድዋርድ ኮርትኒ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ነበር።

በኤፕሪል ችሎቱ ተከፈተ። በር ጠባቂው ኤክልስተን ለዚያ አልበቃም። ከችሎቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ኒውጌት እስር ቤት ሞቷል።

ወተት ሻጩ ሎረንስ የ43 ዓመት ሰው ነው። ሚስቱ ሞታለች፤ የ13 ዓመት ልጅ አለው። አማቱ መጥቶ መሰከረለት፤ ልጄን ካገባ 18 ዓመት ሆነው፣ ደግ ባል ነበር አለ። ወተት የሚያቀርብለት ሰው ደግሞ ጓደኝነታቸውን አወራ፤ በአገራቸው ልጆች ድግስ ላይ አብረን ሰክረን፣ በአንድ ሠረገላ ወደ ቤት ተመልሰን እናውቃለን፣ አንድም ቀን ነውር አላሳየኝም አለ። ሎረንስ ራሱ የተናገረው አጭር ነው። እዚያ ቤት እንደማንኛውም ሰው ልጠጣ ሄጃለሁ፤ የምን ቤት እንደሆነ አላውቅም ነበር አለ። ስለ ድርጊቱ ራሱ በሌላ በኩል የቆመው የኒውተን ቃል ብቻ ነው። ዳኞቹ ኒውተንን አመኑ።

ጆርጅ ኬጀር የሚባለውን ከሞት ያተረፈው ምሕረት ነው። ከሳሹ የ18 ዓመቱ ኮርትኒ ነበር። ኬጀር፣ ልጁን ይህን ኑሮ ተው ብዬ መክሬዋለሁ፣ እሱ ግን ገንዘብ ያስፈልገኛል አለኝ ብሎ ተከራከረ። ሞት ተፈረደበት፤ በኋላ ቅጣቱ ተነሳለት። ፖል ሞል አካባቢ መጠጥ ቤት የነበረው ጆርጅ ዊትል ደግሞ በነፃ ወጣ። ምስክሩ ያው ኮርትኒ ነው። ዊትል ግን ኮርትኒ ሦስት ጊዜ የታሰረ መሆኑን የሚያስረዱ ሰዎች አቀረበ። አንድ ምስክር፣ ሁለት ፍርድ። ንብረትና የተከበረ ጎረቤት ያለው ሰው ወደ ቤቱ ሄደ።

ሎረንስ፣ ግሪፊንና ራይት ሜይ 9 ቀን 1726 ታይበርን ላይ ተሰቀሉ። በዚያው ቀን እዚያው ቦታ ካትሪን ሄይስ የምትባል ባሏን ያስገደለች ሴት በእሳት ተቃጥላለች። ሕዝቡ በብዛት የወጣው እሷን ሊያይ ነበር።

በነገራችን ላይ ያኔ የነበሩ የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ይህ ነገር የእኛ አይደለም፣ ከጣሊያን የመጣ ነው ይሉ ነበር። ኦፔራው አመጣው፣ ጣሊያን ደርሰው የሚመለሱ የሀብታም ልጆች አመጡት ይባል ነበር። ዛሬ በብዙ የአፍሪካ አገር ከእንግሊዝና ከአሜሪካ መጣ ይባላል። ከዚያ የመጣውስ ሕጉ ነው። ወንዶቹን ታይበርን የሰቀለው ሕግ ልጅ ወልዶ በቅኝ ግዛት ዘመን ኬንያና ኡጋንዳ ገብቷል። እኛ ቅኝ አልተገዛንም። የራሳችንን ራሳችን ጻፍን፤ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 600፣ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ አንቀጽ 629። ቅጣቱ እስራት ነው። እንግሊዝ የስቅላቱን ቅጣት ያነሳችው በ1861 ነው፤ በሁለት ጎልማሶች መካከል በስውር የሆነውን ከወንጀል ዝርዝር ማውጣት የጀመረችው ደግሞ በ1967።

ከስቅላቱ በኋላ ሰላዮቹ አላረፉም፤ ቤት ሲጠፋ ወደ ሜዳ ወጡ። ከከተማው በስተሰሜን ሙርፊልድስ የሚባል ሜዳ ነበር። መሃሉን በሚከፍለው ግንብ ሥር የምትሄደው መንገድ «የሰዶማውያን መሄጃ» ተብላ ትታወቅ ነበር። ዊልስ ኒውተንን ወደዚያ ይዞት ሄደ፤ አሁን ምስክር ብቻ አይደለም፣ የወጥመድ ሥጋ ሆኗል። ኒውተን ሽንት እንደሚሸና ሰው ግንቡ ላይ ተደግፎ ቆመ። ዊልያም ብራውን የሚባል ሰው ቀረበው። ተሸሽገው የነበሩት ዘለው ያዙት።

ለምን እንዲህ አደረግህ ሲሉት ብራውን የመለሰው መዝገቡ ላይ ተጽፏል። የማውቀው ሰው መስሎኝ ነው አለ። ቀጥሎም፦ «በገዛ ሰውነቴ የፈለግሁትን ባደርግ ወንጀል አይመስለኝም።»

ይህ የተባለው በ1726 ነው። ብራውን ፈላስፋ አይደለም፤ ባለትዳር ተራ ሰው ነው። እጁን ተይዞ፣ ከብበውት ነው የተናገረው። በጠቅላላው መዝገብ ውስጥ ከእነሱ ወገን በግልጽ የተነገረ ክርክር ባገኝ ይህ ነው። ሌሎቹ ሁሉ አልነበርኩም፣ አላደረግሁም፣ አላውቅም ነው የሚሉት፤ ነፍሳቸውን ለማትረፍ ነውና አይፈረድባቸውም። ብራውን ሙርፊልድስ አደባባይ እንዲቆም፣ 10 ማርክ (የያኔ የገንዘብ መለኪያ) እንዲቀጣ፣ አንድ ዓመት እንዲታሰር ተፈረደበት።

በዚያው በጁላይ ችሎት የእማማ ክላፕ ተራ ደረሰ። የተከሰሰችው ነውረኛ ቤት በመክፈት ነው። ስቲቨንስ እሑድ ማታ ያየውን ዘረዘረ። አንድ ነገርም ጨመረ። ዴርዊን የሚባል ደንበኛዋ ቀደም ብሎ ተከስሶ ነበር፤ እሷ ዳኛው ፊት ቀርባ ምላ መስክራ አስጥላው ነበር። ይህንንም እዚያው ቤት ውስጥ፣ ስቲቨንስ እየሰማ፣ በኩራት አውርታዋለች። ሌላ ምንም ባይጻፍላት ይህ ይበቃኛል። ለደንበኛ መጠጥ የሚቀዳ ብዙ ነው። ለደንበኛ ብሎ ዳኛ ፊት የሚምል ስንት ነው?

ለራሷ ግን ብዙ አልተናገረችም። ሴት መሆኔ ይታሰብልኝ፤ እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ እገባለሁ ተብሎ ሊታመን አይችልም አለች። ዳኞቹ አልተቀበሏትም። ስሚዝፊልድ አደባባይ እንድትቆም፣ 20 ማርክ እንድትከፍል፣ ሁለት ዓመት እንድትታሰር ወሰኑ።

ስሚዝፊልድ ያኔ የከብት ገበያ ነበር። ቅጣቱ አንገትና ሁለት እጅን በእንጨት ቀዳዳ አስገብቶ ከፍ ባለ መድረክ ላይ ማቆም ነው። ሕዝቡ ያገኘውን ይወረውራል። እማማ ክላፕ አንድ ጊዜ ከመድረኩ ወደቀች። ደጋግማም ራሷን ሳተች። ከዚያ ተሸክመው ወደ እስር ቤት መለሷት።